ከየበሩ የተለቀመው ኩኪስ

ልጆችን ስለ ማጫወት በጣም የሚያውቁት ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የዋሉላቸው ሰዎች ናቸው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ወሎ ሰፈር ካለችው የመኪና መለዋወጫ ሱቄ፣ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ለደንበኛ ያልሰጠሁት ምክር የለም። የፍሬን ሸራ ሊገዛ የመጣ ሰው ልጆቼ ከስልክ አልላቀቅ አሉኝ ካለኝ አበቃለት፤ ሸራውን ከመደርደሪያ ሳላወርድለት በፊት አንድ ሙሉ ትምህርት ይወስዳል። ልጅ የሚፈልገው ጊዜ ነው፣ እለዋለሁ። አብረኸው ቁጭ በል፣ አብረኸው ሥራ፣ እጁ ይቆሽሽ፣ እለዋለሁ። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ምክሩን በነጻ መጨመሬን ሳስብ ራሴን እንደ ደግ ሰው እቆጥር ነበር። ምን ነበረበት፣ እዚያው ባንኮኒው ጀርባ ብቀር?

ባለፈው ገና የተናገርኩት ሁሉ ቤቴ ድረስ መጣብኝ። የልጆቼ ኬጂ የሁለት አገር በዓል የሚያከብር ነው። የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ይዘጋል፤ የእኛው ገና ካላለፈ አይከፍትም። መሀል ላይ ባሉት ቀናት ልጁን ማን ይይዛል የሚለውን ጥያቄ ለወላጅ ጥለው መምህራኑ በሰላም ይለያያሉ። ባለቤቴ ሰብለ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ያን ሰሞን አስቸኳይ ትእዛዝ ገብቶባቸው እንኳን ፈቃድ ሊሰጧት ቅዳሜዋንም ወስደውባታል። ቤት የምታግዘን ልጅ ደግሞ በዓሉን ከእናቷ ጋር ልታሳልፍ አገሯ ገብታለች። እኔ ሱቁን ለታናሽ ወንድሜ አስረክቤ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የአምስት ዓመቷን ሶስናንና የሦስት ዓመቱን ናቲን ይዤ ቀረሁ። ሰብለ ስትወጣ በሩን ይዛ ቆማ፣ ትችላለህ ግን፣ አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፣ ቅር ብሎኝ ነበር።

በሩ እንደተዘጋ ስልኬን አውጥቼ በበዓል ሰሞን ቤት ውስጥ ከሕፃናት ጋር ምን ይሠራል ብዬ ፈለግሁ። መዓት ቪዲዮ መጣልኝ። በሁሉም ውስጥ አንዲት ፈገግታዋ የማይለቃት ፈረንጅ አለች፤ ከኋላዋ በመስኮት በረዶ ሲወርድ ይታያል፤ ልጆቿ መቀስ ሲሰጣቸው ወረቀት ብቻ ይቆርጡበታል። እነሱ ዘንድ ገና የሚመጣው ውጪው ለሰው በማይሆንበት ሰዓት ስለሆነ ቤት ውስጥ መዋል ግድ ነው። የእኛው ገና የሚመጣው ግን ጠዋቱ ጥርስ ሲያንቀጫቅጭ፣ ቀትሩ ሹራብ ሲያስወልቅ ነው። በገና ሰሞን በረዶ የምናውቀው ከፍሪጅ ነው፤ እሱም መብራት ካለ። ይሁንና ሴትዮዋ ለሁሉም መላ አላት። በረዶ የሌላችሁ በጥጥ ሥሩት አለች።

ጥጥ ከየት ይምጣ? ከሰብለ ትራስ ትንሽ ወሰድን። ልጆች ባሉበት ቤት ትንሽ የሚባለው ነገር የት ላይ እንደሚቆም እስካሁን አላወቅሁም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሶፋው፣ ምንጣፉና ቴሌቪዥኑ ነጭ ለብሰዋል። ናቲ አንዱን ቁራጭ አፍንጫው ውስጥ ከቶ፣ እኔ በእናቱ የቅንድብ መንቀያ ሳወጣለት እሱ ይስቃል፣ እኔ ያልበኛል። የቆመው የበረዶ ሰውዬ አንገት አልነበረውም፤ ሶስና ካፖርት የሚመስል ጨርቅ ደረበችለትና ጋሽ ቶሎሳ ብላ ሰየመችው። እውነተኛው ጋሽ ቶሎሳ የብሎካችን ጥበቃ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ጤፍ ያርሱ ነበር ይባላል፤ አሁን በካፖርታቸው ተጀቡነው በር ላይ ይቀመጣሉ። ማታ ሰብለ ትራሷን ብድግ ስታደርገው እንደ ባዶ ፌስታል ቀለላት። የጥራት ተቆጣጣሪ ዝምታ ምን እንደሚመስል ያገባ ያውቃል።

እልህ ያዘኝ። ደህና ነገር፣ የሚበላ ነገር፣ ቤቱን በጥሩ ሽታ የሚሞላ ነገር መሥራት አለብን አልኩ። ኩኪስ!

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ ጥፋቱ የተወለደው ከዚያ ነው። በገና ጾም ቤታችን ሁለት አገር ነው። ሰብለ ጾሟን ጠንቅቃ የምትጾም ሴት ናት፤ እኔም ከእሷ ጋር ስኖር፣ መቼም የሚበላው እሷ የሠራችው ነውና፣ ጾመኛ ነኝ። ልጆቹ ግን ገና ሕፃናት ስለሆኑ ወተታቸውን ይጠጣሉ፣ እንቁላላቸውን ይበላሉ። የእነሱ ድስት ሌላ፣ የእኛ ድስት ሌላ፤ ማንኪያው ሳይቀር ይለያል። ድንበሩን የምትጠብቀው ሰብለ ናት። እኔ በዚያ ድንበር ላይ ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም፤ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ አለቀ። ስለዚህ ከልጆች ጋር፣ በልጆች ዕቃ፣ የልጆች ምግብ ስሠራ ቅቤውም እንቁላሉም የልጆች ነበርና አንዳች ነገር አልከነከነኝም።

ኦቭናችን ከተገዛ ጀምሮ ጋግሮ አያውቅም። እንደ ብዙ ሰው ኦቭን የመጥበሻና የትልልቅ ድስት ማስቀመጫ ነው። ዕቃውን ሁሉ አውጥተን ወለል ላይ ደረደርን፤ ናቲ ድስት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የፉርኖ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ የገበታ ቅቤውንና እንቁላሉን ሶስና በሁለት እጇ ለወሰች። በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርገን ቆረጥን። ከዚያ የቪዲዮዋ ሴትዮ ያላሰበችውን ነገር ልጄ አሰበች። እያንዳንዱ ላይ በአውራ ጣቷ መሀሉን ጫን አድርጋ ጎድጓዳ አበጀችና ማርማላታ በማንኪያ ጫፍ ሞላችበት። ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው ስትሄድ አየኋት። እኔ እኮ የራሴን ልጅ እንደዚህ ሥራ ላይ ተጠምዳ አይቻት አላውቅም ነበር። ስትተኛ ነው የምገባው፣ ሳትነሳ ነው የምወጣው። ደስ አለኝ፤ ደንበኞቼን በዚያች ሰዓት አግኝቼ ያልኳችሁን አያችሁ ብላቸው እንዴት በወደድኩ።

መብራትም አልጠፋም፤ ያ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ከኦቭኑ ሲወጡ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ሽታው በደረጃው ወደ ታች ወረደ። እኔ አንዱን ለናቲ ሰጥቼ ቀሪውን በሣህን ላስቀምጥ ስል ሶስና እጄን ያዘችው። ለጎረቤት ሳይሰጥ አይበላም፣ ሸቷቸዋል፣ አለችኝ። እናቷ ናት ያስተማረቻት። ሰብለ ምን ብትሠራ፣ ሽታው ጎረቤት ከደረሰ ጎረቤት መቅመስ አለበት ባይ ናት። ታዲያ በዚህ ዘመን፣ በዚህ ኮንዶሚኒየም፣ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ስትል የሰማ አባት ምን ያደርጋል? ሣህኖች አወጣሁ። ይሄን ነው ጎረቤት በሉልኝ፣ ይሄን ነው አገር በሉልኝ አልኩ በልቤ።

ሦስት ቦታ ላክናት። አንዱን ሣህን ከእኛ በታች ላለችው ለነኢማ፤ ባሏ መገናኛ ሱቅ አለው፣ ልጆቿ ከእኛዎቹ ጋር ነው የሚያድጉት። አንዱን በር ላይ ላሉት ለጋሽ ቶሎሳ። አንዱን ምድር ቤት ለሚኖሩት ለእማማ ብርቄ። ሶስና ሣህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠች፣ ወርዳ ወጣች። ስትመለስ አንዱም ሣህን ባዶ አልነበረም። መቼም ሣህን ባዶውን አይመለስም፤ ከነኢማ ቴምር፣ ከእማማ ብርቄ የሽምብራ ቆሎ፣ ጋሽ ቶሎሳ ደግሞ ሌላ ቢያጡ ከኪሳቸው ከረሜላ አስቀምጠውበታል። ልጄ ፊቷ በርቶ ነበር። እማማ ግንባሬን ሳሙኝ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ጣቴን አሳየኋቸው፣ አለችኝ። አውራ ጣቷን ቀስራ እኔንም አሳየችኝ። እሷ እስከዚያ ቀን ከሰው ስትቀበል ነው የኖረችው፤ ስትሰጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ይህን ደስታ ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም፤ ሰብለ ጋ ደወልኩ። ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ እየጮህኩ ኩኪስ መጋገራችንን፣ ልጅሽ ለጎረቤት ማደሏን ነገርኳት። ጎሽ አለችኝ፤ ከትራሱ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ጎሽ ነው። ቀጥላ ግን በምን ጋገራችሁት አለች። በቅቤና በእንቁላል ነዋ፣ አልኳት፣ እኔ የሙያው ሰው። ለእማማ ብርቄም ሰጣችሁ፣ አለች።

ያን ጊዜ ነው ራሴ ላይ ውሃ የተቸለሰብኝ። እማማ ብርቄ ማለት እኮ ሐኪሙም የንስሐ አባታቸውም ስለ ጤናቸው ጾሙን ተዪው ብለው ፈቅደውላቸው፣ ለራሳቸው ያልፈቀዱ ሴት ናቸው። በሕይወታቸው ጾም ገድፈው አያውቁም። ባላቸውን ሲቀብሩ አልገደፉም፤ ሆስፒታል ተኝተው አልገደፉም። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ በልጁ እጅ ቅቤ ላከባቸው! ለመሆኑ የሕፃን ልጅ እጅ ሥራ ቀርቦለት በምንድነው የሠራችሁት ብሎ የሚመረምር አለ? ሰብለ ቶሎ ሂድና ንገራቸው አለችኝ። ንገራቸው ነው ያለችኝ። ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ናቲን በአንድ ክንዴ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሶስና ከኋላዬ ተከትላኝ እንደወጣች አላየሁም። መጀመሪያ ያገኘሁት የነኢማን በር ነበር፤ ደበደብኩት። ስትከፍት፣ ያ ኩኪስ፣ ብዬ ጀመርኩና እሷ ሙስሊም መሆኗ፣ የገና ጾም ከእሷ ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ትዝ አለኝ። እንዴት ነበር ልልሽ ነው፣ አልኳት እያለከለክሁ። ልጆቹ ተሻምተው ጨረሱት፣ ሌላ አለ ወይ አለችኝ። ናቲ አፉን እያጣጣመ አለ አላት። እኔ መልሴን ደረጃው ላይ ጥዬ ወረድኩ።

እማማ ብርቄ በራቸውን ሲከፍቱ ዓይኔ ከፊታቸው አልፎ ወደ ውስጥ ሄደ። ተመስገን! ኩኪሱ ፍሪጁ አናት ላይ፣ በትንሽ ሣህን ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ጠርዙ ይታያል። አልተነካም። እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው ምን ይላል? እማማ፣ ይቅርታ፣ የፍስክ ነው፣ ለበዓሉ ያቆዩት ይላል። በቃ፤ ከዚህ አይበልጥም። እኔ ግን አፈርኩ። በጾም መሀል በቤቱ ቅቤ ሲያቀልጥ የዋለ ሰው፣ ጾም መሆኑ እንኳ ትዝ ያላለው ሰው፣ መባልን ፈራሁ። እና ከአፌ የወጣው ምን ሆነ? ኩኪሱ ተበላሽቷል፣ ልውሰደው። እማማ አንዴ እኔን አንዴ ከጀርባዬ ያለውን አዩ። ከጀርባዬ ምን እንዳለ ዞሬ አላየሁም። ጨርቁን ገልጠው ሣህኑን ሰጡኝ፤ የራሴን ዕቃ መልሱልኝ ላልኩ ሰው ምን ይበሉ?

ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ተለጥፏል። ስንቱን ደንበኛ በዚያ ጽሑፍ መልሻለሁ። ስለተሰጠ ዕቃ የሚል አለመጻፌ ጉድ አደረገኝ።

ጋሽ ቶሎሳ ዘንድ ስደርስ ውሸቱ ለምዶኛል። ተበላሽቷል አልኳቸው። ሽማግሌው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከተው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ እሳቸውም አልበሉትም። ለልጅ ልጄ ልወስድላት ነበር፣ ትንሽ ናት፣ አሉኝ። አሁን እዚህ ላይ ምን ችግር አለ? ትንሽ ልጅ አትጾም፤ ትብላው! ግን ተበላሽቷል ብያለሁ። የተበላሸ ነገር ለልጅ ስጡ ልል ነው? ውሸት እንዲህ ነው፤ ከጀመርከው በኋላ እሱ ነው የሚያዝህ። ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ። በኦሮምኛ ገለቶማ ብዬ አመስግኜ ስዞር ሶስና እዚያው ነበረች። ከእማማ ብርቄ በር ጀምሮ ሁሉን ሰምታለች። አላለቀሰችም። አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ ይዛ ነበር።

ደረጃውን ስንወጣ ናቲ ሌላ ስጠኝ እያለ ያላዝናል። ቤት ገብተን ሣህኑን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ሶስና ምኑ ነው የተበላሸው አለችኝ። ምንም አልተበላሸም አልኳት። ታዲያ ለምን ተበላሸ አልክ አለችኝ። ስለ ጾም ላስረዳት ሞከርኩ። ትልልቅ ሰዎች በጾም ቅቤ አይበሉም አልኳት። እሷ ግን የያዘችው አንድ ቃል ነበር፤ ተበላሽቷል። እኔ የሠራሁት መጥፎ ነው፣ አለች፤ መጠየቋ አልነበረም፣ ማወቋ ነው። መጥፎ አለመሆኑን በምን አሳያት? ከሣህኑ አንዱን አነሳሁ፤ የእማማ ብርቄ ነበር። እያየችኝ ጎረስኩት። እንዴት ይጣፍጣል አልኳት። በእርግጥም ይጣፍጥ ነበር። ሁለተኛም ደገምኩ፤ ይሄ ይሄማ ከሁሉ በለጠ አልኳት።

ልጄ እየጎደለ የሄደውን ሣህን አየች። ለራስህ ልትበላው ነው የወሰድክባቸው፣ አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። በብሎካችን የሰው ጾም እንዳይገደፍ ደረጃ ለደረጃ የሮጠው እኔ ነኝ። በዚያ ኩኪስ ጾሙን የገደፈ አንድ ጎልማሳ ቢፈለግ፣ ያውም በሕፃን ምስክር ፊት፣ የሚገኘውም እኔው ነኝ። ማታ ሰብለ ስትገባ ጢሜ ላይ ፍርፋሪ አየች። ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ትስቃለች ብዬ ትንሽ አሳምሬም ነበር። አልሳቀችም። ንገራቸው አልኩህ እንጂ ሰብስብ መቼ አልኩህ አለችኝ። ከዚያ ልጇ አልጋ ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ በዓሉ እስኪደርስ ያልሞከርኩት የለም። ባለቀለም ወረቀት ገዝቼ መጣሁ፤ ቆርጠን ሰንሰለት እንሥራ አልኳት፤ ናቲ ቆረጠ፣ እሷ አየች። የፕላስቲኩን የገና ዛፍ እናስጊጥ አልኳት፤ አንተ አስጊጠው አለችኝ፣ በትሕትና። እንደገና ኩኪስ እንጋግር፣ የጾም እንሥራ፣ በዘይት፣ አልኳት። አልፈልግም አለችኝ። አንድ ቀን ሙሉ ማርማላታ ይዤ ስከተላት የዋልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቴ ምን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ቅቤው አይደለም፤ ቅቤ ይጠብቃል፣ ፍሪጅ ላይ ተሸፍኖ ለበዓል ይደርሳል። ያበላሸሁት ልጄ የሰጠችው ነገር ሰው እጅ ላይ ይቀራል ብላ ማመኗን ነበር። ያንን ደግሞ ከየት መደርደሪያ አውርጄ ልተካላት እችላለሁ? መለዋወጫ የለውም። እንዲህ ስል ያጋነንኩ የሚመስለው ካለ፣ የሚወዳት ልጁ በትሕትና አናግራው አታውቅም ማለት ነው።

ገና ደረሰ። ሰብለ ቤተ ክርስቲያን አድራ መጣች፤ ድፎው ተቆረሰ፣ ዶሮው ወጣ፣ ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን ለበሱ። ብሎኩ በሙሉ በርበሬና ቅቤ በቅቤ ሆኗል፤ አሁን ለማንም ቅቤ ብልክ የሚከለክለኝ የለም። ሰብለ ትልቅ ቁራሽ ዳቦ በሣህን አድርጋ ሶስናን ጠራቻት፤ ለእማማ ብርቄ አድርሺ፣ እንኳን አደረሰዎ በይልኝ አለቻት። ሶስና ሣህኑን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ተቀበለችና ወጣች። ሰብለ ወደ እኔ ዞራ በሩን በዓይኗ አሳየችኝ።

ገባኝ። እማማን ይቅርታ ልጠይቅ፣ ያኔ መናገር የነበረብኝን ዛሬ በልጄ ፊት ልናገር ቆርጬ ተነሳሁ። ጫማዬን አጥልቄ ተከተልኳት። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ስደርስ የእማማ ብርቄ ድምፅ ተሰማኝና ቆምኩ። ለሶስና እያወሯት ነበር። ያኔ ሲጋገር የቅቤው ሽታ እሳቸው ዘንድ ደርሶ እንደነበር፣ የፍስክ መሆኑን ልጅቷ በር ላይ ሳትደርስ በፊት እንዳወቁ፣ ፍሪጁ ላይ ሸፍነው ያስቀመጡትም ለዛሬ ጠዋት፣ ጾማቸውን ሊፈቱበት እንደነበር ነገሯት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጀመሪያ ጉርሻዬ የአንቺ እጅ ሥራ እንዲሆን ብዬ ነበር እኮ፣ አሏት። የደረጃውን ብረት ያዝኩ። ያን ጉርሻ የበላሁት እኔ ነበርኩ።

እማማ ዳቦውን ተቀበሉ፤ ከነሣህኑ ደረታቸው ላይ አስጠግተው መረቁ፣ እደጊ ተመንደጊ አሉ። ሶስና ግን አልሄደችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ፣ ቆመች። ምነው ልጄ፣ እናትሽ የምትፈልገው ነገር አለ ወይ አሏት። የለም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቤት አትገቢም ወይ አሏት። አሁንም ራሷን ነቀነቀች። እኔም ከዚህ በላይ መደበቅ ነውር ሆነብኝና የቀሩትን ደረጃዎች ወረድኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልገረማትም፤ ሰዓቱን ጠብቆ የመጣ ሰው እንደምታይ ነው ያየችኝ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞራ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት በአንቱታ፣ «እማማ፣ አባዬ መጣ፤ ይስጡት» አለቻቸው።